ዝንቧን ከአንቴና እስከ ክንፍ ጥርት አድርጎ ማንሳት፦ ችግሩ ሌንሱ አይደለም

ጥያቄ፦ «ባለ 24 ሜጋፒክሰል ሙሉ ፍሬም ካሜራና 1ለ1 የሚያነሳ ባለ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ አለኝ። ዝንብ ሳነሳ ዓይኗ ጥርት ይልና ክንፏና እግሯ ይደበዝዛል። አፐርቸሩን እስከ ኤፍ 22 ብዘጋው ጭራሽ ሁሉም ነገር ደበዘዘ። ከዚያ ፎከስ ስታኪንግ ሞክር ተባልኩና የፎከስ ቀለበቱን በእጄ እያዞርኩ 12 ፎቶ አንስቼ በሶፍትዌር አዋሃድኳቸው። አንቴናዋ ሁለት ሆኖ ወጣ፣ ሰውነቷ ላይም ደብዛዛ መስመሮች ገቡ። ሌንስ ልቀይር? ደግሞስ እንዳይንቀሳቀሱ ነፍሳቱን ፍሪጅ ውስጥ ባስገባቸው ይሠራል?»

ሌንሱን አትቀይረው፤ ፍሪጁንም እርሳው። ሌንስህ ምንም አልሆነም። ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ፎከስ ስታኪንግ፣ ባጭሩ ስታክ፣ ፎከሱን በትንሽ በትንሹ እያሻገርክ ብዙ ፎቶ አንስተህ የየፎቶውን ጥርት ያለ ክፍል ወደ አንድ ማዋሃድ ነው። የጻፍከው ውስጥ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ተደባልቀዋል። ኤፍ 22 ላይ የደበዘዘብህ በአንድ ምክንያት ነው፣ ሰውነቷ ላይ መስመር የገባው በሌላ፣ አንቴናዋ ሁለት የሆነው ደግሞ በሦስተኛ። ለሦስቱም መፍትሔው የተለያየ ነው፤ አንዱም ግን ሱቅ ሄዶ ሌንስ መግዛት አይደለም።

ከኤፍ 22 እንጀምር። አፐርቸር ብርሃን የሚያልፍበት የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቀዳዳው ይጠብባል። «አፐርቸር በዘጋህ ቁጥር ብዙ ነገር ጥርት ይላል» የሚለውን ምክር ብዙ ሰው ከመልክዓ ምድር ፎቶ ይዞት ይመጣል። ግማሹ እውነት ነው። ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ይጨምራል። ግን የምስሉ ጥራት ራሱ አብሮ ይወርዳል። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ዲፍራክሽን የሚባለው ይህ ነው። ውድ ሌንስም ርካሽ ሌንስም አያመልጠውም። ማክሮ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ሌንሱ ላይ የመረጥከው የኤፍ ቁጥር በተግባር የሚሠራው ቁጥር አይደለም። ወደ ዝንቧ በተጠጋህ መጠን የሚሠራው አፐርቸር እየጠበበ ይሄዳል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የማጉላት መጠኑ ላይ 1 ደምርና በኤፍ ቁጥሩ አባዛው። 1ለ1 ላይ፣ ማለትም ዝንቧ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ በእውነተኛ መጠኗ ስታርፍ፣ የማጉላት መጠኑ 1 ስለሆነ በ2 ታበዛለህ ማለት ነው። ኤፍ 22 ያልከው በተግባር ኤፍ 44 ነበር። ኒኮን ከራሱ ማክሮ ሌንሶች ጋር ሲሆን ይህንን አስልቶ የተስተካከለውን ቁጥር ያሳይሃል፤ ካኖን ግን አያሳይህም፣ ራስህ ማስታወስ አለብህ።

ኤፍ 44 ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ስታርፍ 60 ማይክሮን ገደማ ሆና ትዘረጋለች፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የካሜራህ አንድ ፒክሰል 6 ማይክሮን አካባቢ ነው። ስለዚህ ነጥቧ 10 ፒክሰል ያህል ሸፈነች ማለት ነው። አሁን የዝንቧን ዓይን አስበው። ዓይኗ በሺዎች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ገጾች የተገጣጠመ ነው፤ የእያንዳንዱ ገጽ ስፋት ከ20 እስከ 30 ማይክሮን ቢሆን ነው። 60 ማይክሮን የተዘረጋ ነጥብ አንዱን ገጽ ከጎረቤቱ ሊለይልህ አይችልም። ዓይኗ ለጥ ያለ ቡናማ ሆኖ የወጣው ለዚህ ነው፤ በኋላ ሶፍትዌር ላይ የፈለገውን ያህል ሻርፕ ብታደርገውም አይመለስም፣ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ ሴንሰሩ ላይ አልደረሰም። ኤፍ 5.6 ላይ ግን ነጥቧ 15 ማይክሮን አካባቢ ትሆናለች፤ ያኔ ገጾቹ አንድ በአንድ መለየት ይጀምራሉ። ስለዚህ 1ለ1 ላይ ለስታክ ኤፍ 5.6ን ያዝ። አንድ ነጠላ ፎቶ ብቻ ማንሳት የምትችልበት አጋጣሚ ከሆነ እስከ ኤፍ 11 ብትሄድ ችግር የለውም፤ ትንሽ ጥራት ከፍለህ ትንሽ ጥልቀት ታገኛለህ። ከዚያ በላይ አትዝጋ።

ወደ ደብዛዛዎቹ መስመሮች እንምጣ። ኤፍ 5.6 ላይ፣ 1ለ1፣ ስልክ ላይ ለሚታይ ፎቶ ከሆነ ሁለት ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ያህል ጥርት ይልልሃል። መቶ ፐርሰንት አጉልተህ የምታይ ከሆነ ግን በእርግጥ ጥርት ያለው ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሦስት ወረቀት ደራርበህ ብትለካው ያንን ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ፊትም ኋላም ያለው መደብዘዝ ይጀምራል። የቤት ዝንብ ደግሞ ከግንባሯ እስከ ሆዷ ጫፍ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ናት። ፊት ለፊቷ ሆነህ ያንን ርቀት በ12 ፎቶ ከፋፈልከው። በየሁለቱ ፎቶ መሀል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል አለ። እያንዳንዱ ፎቶ የሚሸፍነው ግን ሩብ ብቻ ነው። ስለዚህ በየመሀሉ አንድም ፎቶ ጥርት አድርጎ ያላነሳው ቦታ ቀረ። መስመሮቹ እነሱ ናቸው። ሶፍትዌሩ ምንም አላጠፋም፤ ያልተነሳን ነገር ከየት ያምጣው?

ሕጉ አጭር ነው። እርምጃህ ጥርት ከሚለው ጥልቀት ማነስ አለበት፤ አንዱ ፎቶ ቀጣዩን በ30 ፐርሰንት ያህል ይደርብ። ባንተ ሁኔታ 0.2 ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ እርምጃ ማለት ነው፤ ለዚያች ዝንብ ከ35 እስከ 40 ፎቶ ይወጣዋል። ከአንቴናዋ ትንሽ ቀድመህ ጀምር፣ ከክንፏ ጫፍም ትንሽ አልፈህ ጨርስ። ትርፍ ፎቶ ቢኖር ትጥለዋለህ፤ የጎደለ ግን በኋላ አይሞላም። ያም ሆኖ «በዛ ማለት ተሻለ ማለት ነው» ብለህ 200 ፎቶ እንዳታነሳ። እርምጃው ከልክ በላይ ሲያንስ ጥራት አይጨምርም፤ ጊዜው ይረዝማል፣ በረዘመ ቁጥር ደግሞ የሆነ ነገር የመንቀሳቀስ ዕድሉ ይጨምራል፣ ፒራሚድ የሚባለው የውህደት ዘዴም (ከታች ፒማክስ የምለው) በየፎቶው ያለውን ኖይዝ፣ ማለትም ነጠብጣብ የመሰለ ሻካራነት፣ እየለቀመ ያከማችልሃል።

ቀለበቱን በእጅ ማዞር እዚህ ላይ አያዋጣም። 1ለ1 አካባቢ ትንሽ ነካ ስታደርገው ብዙ ይዘላል፤ እኩል እርምጃ በጣት ማውጣት ከባድ ነው፣ በዚያ ላይ በነካኸው ቁጥር ካሜራው ይነቃነቃል። መጀመሪያ ካሜራህ ራሱ ይህን የሚሠራ መሆኑን ሜኑው ውስጥ ፈልግ። ኒኮን ከ2017ቱ ዲ850 ጀምሮ «ፎከስ ሺፍት» በሚል ስም አስገብቶታል። ካኖን ከ2019ኙ ኢኦኤስ አርፒ ወዲህ በብዙ ሞዴሎቹ ላይ «ፎከስ ብራኬቲንግ» አለው። ኦሊምፐስ፣ አሁን ኦኤም ሲስተም የሚባለው፣ ከእነሱም ቀድሞ ነበረው፤ ፉጂፊልምም አለው። ካለህ፣ ካሜራው የሌንሱን ሞተር እያዘዘ በእኩል እርምጃ ያነሳልሃል፤ አንተ እጅህን ታነሳለህ።

ሜኑው ላይ የምታየው የእርምጃ ቁጥር ግን ሚሊ ሜትር አይደለም። 1 ወይም 5 ወይም 10 ይላል፤ ትርጉሙ በሌንሱና በአፐርቸሩ ይለያያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሞክረህ ለይ። ማስመሪያ አዘንብለህ አስቀምጥ፣ 1ለ1 ላይ ኤፍ 5.6 አድርግ፣ በአንድ የእርምጃ ቁጥር 10 ፎቶ አንሳ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ተከታታዮቹን እያገላበጥክ ጥርት ያለው ቦታ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ተመልከት። የአንዱ መጨረሻ የቀጣዩን መጀመሪያ ከደረበ ቁጥሩ ይሠራል። ክፍተት ካየህ ቁጥሩን ቀንስ። ይህን አንዴ ከሠራህ ሁለተኛ መገመት የለብህም።

ካሜራህ ይህ ከሌለው ማክሮ ሬይል የሚባለው አለ፤ ካሜራውን በብሎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያንሸራትት። ጥሩ ነገር ነው፤ ብቻ ቦታውን እወቅለት። እስከ 1ለ1 ድረስ በሌንሱ ፎከስ መሥራት ይሻላል፤ ካሜራው ራሱ ወደ ፊት ሲሄድ የእይታ አቅጣጫው ስለሚቀየር ፊት ያለው እግር ከኋላው ካለው ነገር ላይ ቦታ ይቀይራል፣ ውህደቱም እዚያ ላይ ይሳሳታል። ከ2ለ1 በላይ ስትወጣ ግን ሬይሉ የግድ ይሆናል፤ እርምጃው በጣም ስለሚያንስ የሌንሱ ሞተር አይበቃውም። በሬይል ስትሠራ ብሎኑን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አዙር። ወደ ኋላ መልሰህ ብታስተካክል ብሎኑ ውስጥ ያለው ክፍተት እርምጃህን ያዛባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሁለቱ አንቴና። ስታኪንግ የሚፈታው የጥልቀትን ችግር ብቻ ነው። እንቅስቃሴን አይፈታም፤ እንዲያውም ያባዛዋል። አንድ ፎቶ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ንቅናቄ 40 ፎቶ ሲዋሃድ ጎልቶ ይወጣል። ዝንብ ቀጥ ብላ የቆመች ሲመስልህ እንኳ አትቆምም። የፊት እግሮቿን ታፋትጋለች፣ አፏን ታወርዳለች ትመልሳለች፣ በአንቴናዋ ላይ ያለችው ቀጭን ፀጉር ትንቀጠቀጣለች። ንብና ተርብ ደግሞ እግራቸው ሳይነቃነቅ ሆዳቸው ይኮማተራል፣ ይለጠጣል፤ የሚተነፍሱት በዚያ ነው። በሰከንድ አንድ ፎቶ ብታነሳ 40 ፎቶ 40 ሰከንድ ነው። ያን ያህል ጊዜ አንዲት የነቃች ዝንብ ዝም አትልልህም። ሶፍትዌሩ አንቴናዋን በአንዱ ፎቶ እዚህ፣ በሌላው እዚያ አገኛት፤ ሁለቱንም ጥርት ብለው ስላያቸው ሁለቱንም አስቀመጠልህ።

ፍሪጅ የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ የሚመክረው ሰውም ብዙ ነው። እኔ አልመክርህም። ነፍሳት የሰውነታቸው ሙቀት ከአካባቢው ጋር ስለሚሄድ ሲቀዘቅዙ ይደነዝዛሉ፤ ይህ እውነት ነው። ግን ስታወጣት እና መብራት ስታበራባት ወዲያው መሞቅ ትጀምራለች፤ 40ኛው ፎቶ ላይ ሳትደርስ እግሯን ታነሳለች። ከፍሪጅ ወጥታ የክፍሉ አየር ሲያገኛት ደግሞ እርጥበት ሰውነቷ ላይ ይጤዛል፣ ፀጉሯ ይጣበቃል። አቋሟም የሚዋሽ ነው፤ እግሯን ሰብስባ፣ ክንፏን ጥላ፣ በተፈጥሮ ቆማ እንደማትቆመው ሆና ትወጣለች። ብዙ ካቆየሃት ትሞታለች። አንዲትን ሕይወት ያላት ፍጥረት ለዚህ ውጤት ማሰቃየት ምንም አያዋጣም፤ በተለይ ሌላ መንገድ እያለ።

ሌላው መንገድ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። በሕይወት ያሉትን በአጭር ስታክ፣ የሞቱትን በረጅም ስታክ።

በሕይወት ላሉት ፀሐይ ሳትሞቅ ማልደህ ውጣ። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ ከነበረ ነፍሳቱ ራሳቸው ደንዝዘው ቅጠልና ሣር ላይ ታገኛቸዋለህ፤ ጤዛ የተሸከመች ንብ ከአበባ ሥር ተንጠልጥላ ረዘም ላለ ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ልትቆይ ትችላለች። እዚያ 40 ፎቶ አያስፈልግህም። መጀመሪያ ማዕዘንህን አስተካክል። ሰውነቷ ከሴንሰሩ ጋር ትይዩ እንዲሆን ከጎን ብትመጣ የምትሸፍነው ጥልቀት ከ7 ሚሊ ሜትር ወደ 2 ወይም 3 ይወርዳል። ይህ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ግን ስለ ሶፍትዌር እያሰበ ይረሳዋል። ከዚያ አፐርቸሩን ኤፍ 8 አድርግና ከ5 እስከ 10 ፎቶ በፍጥነት አከታትል። ትራይፖድ መትከል ካልተመቸህ ክርንህን መሬት ወይም ጉልበትህ ላይ አስደግፍ፣ ፎከሱን ቆልፍ፣ በተከታታይ እያነሳህ ሰውነትህን ቀስ ብለህ ወደ ፊት አስጠጋ። እርምጃው እኩል አይሆንም፤ ግን ከተነሱት ውስጥ የሚስማሙትን መርጠህ ታዋህዳለህ። ዓይኗ፣ ፊቷና የፊት እግሮቿ ጥርት ካሉ ይበቃል። የኋላ እግሯ ቢደበዝዝ ማንም አይቀየምህም፤ እንዲያውም በሕይወት ያለች ነፍሳት ፎቶ ላይ ትንሽ የደበዘዘ ጀርባ ደስ ይላል፣ ዓይንን ወደ ፊቷ ይመልሳል። ነፋስ ካለ ግን ተወው። ቅጠል እየተወዛወዘ የሚሠራ ስታክ የለም።

ጤዛ የያዘ ዓይን ካገኘህ አንድ ነገር ልብ በል። ጠብታው ራሱ ትንሽ ሌንስ ስለሆነ ውስጡ የሚታየው ምስል የራሱ የፎከስ ቦታ አለው፤ ከጠብታው ገጽ ጋር አብሮ ጥርት አይልም። ስታክ ስታደርገው ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ይወስድና ጠብታው ዙሪያ ግራ የሚያጋባ ድርብ ጠርዝ ይወጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከአንዱ ፎቶ ብቻ ወስደህ በእጅ ትቀባዋለህ፤ እንዴት እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

ከራስ እስከ እግር ጥርት ያለውን፣ እያንዳንዱ ፀጉር የሚቆጠርበትን ፎቶ ከፈለግህ ደግሞ ሞተው የተገኙትን ተጠቀም። መስኮት ሥር፣ መብራት ሥር፣ ሸረሪት ድር አጠገብ ፈልግ፤ አታጣም። መግደል አያስፈልግህም። ትኩስ የሆነውን ምረጥ፤ የዝንብ ዓይን ከሞተች በኋላ ቶሎ እየደረቀ ይጎደጉዳል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ጥንዚዛና ጉንዳን ግን ሽፋናቸው ጠንካራ ስለሆነ ደርቀውም ጥሩ ይወጣሉ፤ ለመለማመጃ ከጥንዚዛ የተሻለ የለም። ደርቃ እግሯን ከሰበሰበች፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሶፍት አስቀምጥና ከውሃው ጋር ሳትነካካ ለአንድ ሌሊት ተዋት፤ መገጣጠሚያዋ ይለሰልሳል፣ እግሯን በቀጭን መርፌ ቀስ ብለህ ታስተካክላለህ። ከዚያ በቀጭንና ለስላሳ ብሩሽ አቧራዋን አራግፍ። በዓይንህ ንጹሕ የመሰለችህ ነፍሳት 1ለ1 ላይ ስታያት በአቧራና በክር ተሸፍና ታገኛታለህ፤ ያንን ሁሉ ፎቶሾፕ ላይ ማጥፋት የሰዓታት ሥራ ነው፣ ብሩሹ ግን ጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል።

የሞተችም ቢሆን ትንቀሳቀሳለች። እርጥበት ካገኘች በኋላ መልሳ ስትደርቅ እግሯ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ የሚያሞቅ መብራት ካለ ደግሞ ፈጥኖ ይወርዳል። አንቴናዋ በትንፋሽህ ይወዛወዛል። ወለሉ ከእንጨት ከሆነ ስትራመድ ጠረጴዛው ይነዝራል። ስለዚህ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ሥራ፤ ካሜራውም ዕቃውም አንድ ጣውላ ላይ ቢታሰሩ አብረው ስለሚነዝሩ ይሻላል። በመዘግየት ወይም በሪሞት አንሳ። ተከታታዩ እስኪያልቅ ካሜራውን አትንካ፣ ክፍሉ ውስጥም አትመላለስ።

ብርሃን ላይ አንድ መስመር አልጻፍክም፤ እኔ ግን ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ እዚያ ላይ አውጣ እልሃለሁ። ትንሽ ፍላሽ በ1/16 ኃይል ሲተኮስ ብልጭታው የሚቆየው 1/10,000 ሰከንድ አካባቢ ነው። ይህ ማለት ንዝረትን ከሻተሩ በላይ የሚያቆምልህ ፍላሹ ነው። አይኤስኦ 100 ወይም 200፣ ሻተሩን ፍላሹ የሚፈቅድለት ከፍተኛ ፍጥነት ላይ፣ ብዙ ጊዜ 1/200 አካባቢ፣ አድርገህ የክፍሉ መብራት በፎቶው ላይ ምንም ድርሻ እንዳይኖረው አድርግ። በዝቅተኛ ኃይል ስትተኩሰው ቶሎ ይሞላል፣ ከፎቶ ፎቶም መጠኑ አይለዋወጥም። ሁሉም ነገር ማንዋል ይሁን፤ አፐርቸር፣ ሻተር፣ አይኤስኦ፣ ኋይት ባላንስ፣ የፍላሹ ኃይል። አንዱ አውቶማቲክ ሆኖ ከቀረ 40 ፎቶ በ40 ዓይነት ብርሃን ይወጣል።

ፍላሹን ግን ራቁቱን አትተኩሰው። ነፍሳት ሽፋናቸው የሚያብረቀርቅ ነው። ራቁት ፍላሽ የጥንዚዛ ጀርባ ላይ ነጭ የተቃጠለ ነጥብ ይጥላል፣ የዝንቧን ፀጉር ደግሞ ወደ ነጭ ብልጭልጭታ ይቀይረዋል፤ ስታክ ስታደርገው ያ ብልጭልጭታ ሁሉ ይደመርና ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ዲፍዩዘር፣ ማለትም ብርሃኑን የሚያለሰልስ መጋረጃ፣ አድርግለት፤ ነጭ ስስ ወረቀት ወይም ነጭ ላስቲክ ይበቃል። ትልቅ ይሁን፣ ከነፍሳቷም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይራቅ። ብርሃንን የሚያለሰልሰው የወረቀቱ ውፍረት ሳይሆን ከነፍሳቷ አንጻር ያለው ስፋትና ቅርበት ነው። ሞታ ለተገኘችው ወረቀቱን በሲሊንደር ቅርጽ ጠቅልለህ በዙሪያዋ አቁመውና ከውጭ አብራበት፤ የብርሃኑ ልዩነት ወዲያው ይታይሃል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ ካሜራ በራሱ ብራኬቲንግ ሲያነሳ ኤሌክትሮኒክ ሻተር ይጠቀማል፤ አንዳንዱ በዚያን ጊዜ ፍላሽ አይተኩስም፣ አንዳንዱ ደግሞ የሚተኩሰው በጣም በዘገየ ሻተር ነው። ሳትገዛ የካሜራህን መመሪያ አንብብ። የማይተኩስ ከሆነ የማያቋርጥ የኤልኢዲ መብራት ያስፈልግሃል፤ ያኔ ግን ንዝረትን የሚያቆምልህ ብልጭታ ስለማይኖር ለሞቱት ብቻ ይሆናል። ርካሽ ኤልኢዲ በኤሌክትሮኒክ ሻተር ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ሊያስገባም ይችላል፤ ሻተሩን ዘገም ስታደርገው ይጠፋል።

ሶፍትዌሩን የጠቀስከው በስሙ አይደለም፣ ስለዚህ በጥቅሉ ልንገርህ። ፎቶሾፕ ለጥቂት ፎቶ ይሠራል፤ 40 ሲሆንና ፀጉር ሲበዛ ይደናበራል፣ ስህተቱን ለማረምም አይመችም። ለዚህ ተብለው የተሠሩት ዜሪን ስታከርና ሄሊኮን ፎከስ ናቸው፤ ሁለቱም መሞከሪያ ጊዜ ይሰጣሉ፣ ሳትከፍል ሞክራቸው። ዜሪን ውስጥ ሁለት ዘዴ አለ። ፒማክስ ፀጉርን፣ የተደራረበ እግርን፣ ከዓይን ፊት የሚያልፍ አንቴናን በደንብ ይይዛል፤ ግን ኖይዝና ኮንትራስት ይጨምራል። ዲማፕ ቀለሙንና ለስላሳውን ገጽ እንደነበረ ይጠብቃል፤ ግን አንድ ነገር በሌላው ፊት ሲያልፍ ዙሪያው ላይ ጭጋግ የመሰለ ጠርዝ ይተዋል። ስለዚህ ሁለቱንም አሠራው። ዲማፕን መሠረት አድርግና ፀጉሩና አንቴናው ላይ ብቻ ከፒማክሱ በብሩሽ ቅባ። የጥንዚዛ ጀርባ ከሆነ ዲማፕ ብቻውን ይበቃል። ሁለት የሆነ አንቴና ወይም ያ የጤዛ ጠብታ ካለ፣ ያ ክፍል ጥርት ብሎ የወጣበትን አንዱን ኦሪጅናል ፎቶ ምረጥና ከእሱ ብቻ ቅባበት። ይህ የእጅ ሥራ ነው፤ ጥሩ የምትላቸው ስታኮች አብዛኞቹ ይህ ሥራ አለባቸው።

ከማዋሃድህ በፊት በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሳ፣ ሁሉንም እኩል አስተካክል፣ ጥራት በማይቀንሰው የ16 ቢት ቲፍ ፋይል አውጣ። ሻርፕኒንግ አጥፋ፤ ከውህደቱ በኋላ ታደርገዋለህ። ሴንሰሩንም አጽዳ። ሶፍትዌሩ ፎቶዎቹን ለማስማማት በትንሹ ስለሚያሳድግና ስለሚያሳንስ፣ አንዲት የሴንሰር አቧራ በውጤቱ ላይ የነጥብ ሰንሰለት ሆና ትወጣለች። በዚያው ምክንያት ጠርዙ ስለሚቆረጥ በነፍሳቷ ዙሪያ ትርፍ ቦታ ተው።

ወሰኑንም እወቀው። የሚያምሩትን የዓይን ፎቶዎች አይተህ ወደ 5ለ1 እና 10ለ1 መሄድ ያምርሃል። 10 እጥፍ በሚያጎላ የማይክሮስኮፕ ኦብጀክቲቭ ጥርት የሚለው ጥልቀት ከ10 ማይክሮን በታች ነው፤ አንድ የዝንብ ጭንቅላት በመቶዎች የሚቆጠር ፎቶ ይፈልጋል፣ በሞተር የሚሄድ ሬይልም ግድ ይላል። አሁን አትግባበት። 1ለ1 ላይ ንጹሕ ስታክ ማውጣት ስትችል፣ ኤክስቴንሽን ቱብ (በካሜራውና በሌንሱ መሀል የሚገባ ባዶ ቀለበት) ወይም ሌንሱ ፊት የሚገጠም የማጉያ መስታወት ጨምረህ ትንሽ ትንሽ ትወጣለህ።

ፎቶውን ለሰው ስታሳይ ስታክ መሆኑን፣ ሞታ የተገኘች ከሆነችም ያንኑ ጻፍ። የተፈጥሮ ፎቶ ውድድር ላይ የምታስገባ ከሆነ ደንቡን አስቀድመህ አንብብ፤ ስታክን የሚፈቅድ ሆኖ የሞተን የማይቀበል አለ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ያለህን ሌንስ ያዝ፣ ፍላሽና ትልቅ ዲፍዩዘር አዘጋጅ። ሞታ የተገኘች አንዲት ጥንዚዛ ፈልግ። 1ለ1፣ ኤፍ 5.6፣ 0.2 ሚሊ ሜትር እርምጃ፣ ሁሉም ማንዋል። አዋህድና መቶ ፐርሰንት አጉልተህ ከግንባሯ እስከ ጀርባዋ ጫፍ ቀስ ብለህ ተመልከት። በእኩል ርቀት የሚደጋገም ደብዛዛ መስመር ካለ እርምጃህ ሰፍቷል፤ በግማሽ ቀንሰው። ድርብ ጠርዝ ካለ የሆነ ነገር ተንቀሳቅሷል፤ ጠረጴዛውንና መብራቱን መርምር። ሁሉም ቦታ እኩል ለስለስ ካለ ደግሞ አፐርቸሩን ከልክ በላይ ዘግተሃል። ሦስቱም ከጠፉ በኋላ ማልደህ ውጣና በሕይወት ያለችውን በ5 ፎቶ ጀምር።